የሚፈስ ነገር ስም

ተጠራጣሪ ነኝ። ለመኩራራት አይደለም ይህን የምለው፤ ባለቤቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲነግረኝ ስለኖረ ነው። የአውቶቡስ ሾፌር ፈገግ ብሎ ሰላም ካለኝ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ። ስለዚህ እናቴ የሰንበት ዳቦ መላክ ስታቆም፣ ደክሟት ይሆናል ብዬ አላለፍኩትም።

እናቴ የምትኖረው ሃዳር ጋኒም የሚባል ሰፈር ነው፤ ከኔ ቤት በእግር አስር ደቂቃ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። የጎንደር አይሁዶች ነን፤ እዚያ ሳለን፣ ኋላም ወደዚህ አገር፣ ፔታሕ ቲክቫ ከተማ መጥተን ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ስትሠራ፣ ዓርብ ዓርብ ዳቦ ሳትጋግር ቀርታ አታውቅም። አንዱ ለራሷ፣ አንዱ ለኔ፣ አንዱ ጎረቤት ከተማ ጋኔይ ቲክቫ ለሚኖረው ወንድሜ። በዚያ ዓመት ግን ፋሲካ ካለፈ በኋላ ስደውልላት "ክንዴን ይዞኛል፣ ከሱቅ ግዙ" አለችኝ። በሚቀጥለው ሳምንትም ክንዷ። በሦስተኛውም ክንዷ። ክንዷን የያዛት ሴት ታዲያ አንሶላ በእጇ አጥባ በረንዳ ላይ ስታሰጣ በገዛ ዓይኔ ከመንገድ ማዶ አይቻታለሁ። ልብስ ማጠቢያ ማሽን አላት እኮ! እኔው ነኝ የገዛሁላት።

ለወንድሜ ሚስት ደወልኩ። በቀጥታ አልጠየቅኋትም፤ እንዲህ ያለ ነገር በቀጥታ የሚጠየቅ አይደለም። "ሰንበት እንዴት አለፈ? ምን በላችሁ?" አልኳት። እሷም ብልጥ ናት፣ "እናንተስ ምን በላችሁ?" አለችኝ። እንዲህ ስንዞር ስንዞር ሩብ ሰዓት አወራን። ለካ እሷም ዳቦው ሁሉ ወደ እኔ የሚሄድ መስሏት ከተቀየመችኝ ወር ሊሞላት ነው። እሺ፣ እሷ አልበላችውም። ታዲያ እናቴ ምን ሆነች? የትኛችንን ነው ያኮረፈችው? እኔ እንደሆንኩ ወዲያው እኔን ነው አልኩ።

ሥራዬ ትርጉም ነው። ኩፓው፣ የጤና ድርጅቱ ማለቴ ነው፣ በዕብራይስጥ የተጻፈ የሕክምና ወረቀት ይልክልኛል፤ እኔ ደግሞ እናቶቻችን እንዲያነቡት ወይም እንዲነበብላቸው በአማርኛ አደርገዋለሁ። በዚያ ሰሞን የላኩልኝ ስለ ሴቶች በሽታ ነበር። ሁለት መስመር ሳይሄድ አንዲት ቃል እየተመላለሰች ትመጣብኛለች፤ ሀፍራሻ። ከሰውነት ወደ ውጭ የሚወጣ ነገር ሁሉ በዕብራይስጥ በዚህች አንዲት ቃል ይጠራል፤ ከዓይን ይውጣ፣ ከጆሮ ይውጣ፣ ከቁስል ይውጣ፣ ከዚያም ይውጣ። ከኔ በፊት የነበረው ተርጓሚ በሄደበት ሁሉ "ፈሳሽ" እያለ ጽፎት ነበር። አንዲት እናት ወረቀቱ ሲነበብላት "የዕቃ ማጠቢያውን ነው የምትሉኝ?" ብላ ነርሷን ጠየቀች አሉ። ሳቅን፤ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ሴትዮዋ የመጣችበትን ሳትናገር ወደ ቤቷ ተመልሳለች።

ስለዚህ ደብተር አውጥቼ ቃል መልቀም ጀመርኩ። ምንጭ ይፈልቃል። ድስት ይገነፍላል። ጠላ ከጋን ይንቆረቆራል። ጣሪያ ያፈሳል፣ ቧንቧ ያንጠባጥባል። ዕንባ ይወርዳል። ቁስል ያዣል፤ የሚወጣው እዥ ነው፣ ሲብስ መግል ይሆናል። አፍንጫ ይነስራል፤ አያችሁ፣ አፍንጫ የራሱ ቃል አለው፣ ሌላው ገላ የለውም። ወሬ ያፈተልካል፣ ሌባ ይሾልካል። ሕዝብ ከኳስ ሜዳ ሲወጣ ይጎርፋል። "ፈሰሰ" ለሁሉም ይበቃል የሚሉ አሉ። አይበቃም። ፈሰሰ ሲባል ብዙ ነው፤ ዕቃው ተደፍቶ ባዶ የቀረ ይመስላል። ጠብታ ብቻ ያየችን ሴት "ይፈስሻል ወይ?" ብትሏት "ኧረ የለም" ትላለች፣ እውነቷንም ነው። "እዥ አለሽ ወይ?" ካላችኋት ደግሞ ቆስለሻል አላችኋት ማለት ነው፣ ትቆጣለች። "ይወርድሻል?" ይሻላል፤ እሱም ቢሆን የሆድ መሄድ የሚመስላት አለች።

የሴት ገላ ላይ ሲደርስ ቋንቋችን አፉን ይዘጋል። "አየሁ" ትላለች ሴት፤ ምን እንዳየች አትናገርም። "መጣብኝ" ትላለች። "ልማዴ ነው" ትላለች። የኛ ሰዎች ደግሞ "መርገም" ይሉታል። ወሩ ከቆመ ብዙ ዘመን ላለፋት አሮጊት የሚሆን ቃል ግን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። ከእናቴ በላይ አማርኛ የሚያውቅ ሰው አላውቅም፤ ተነሥቼ ወደ እሷ ሄድኩ። እግረ መንገዴንም የዳቦውን ነገር አጣራለሁ ብዬ ነበር፤ ልዋሽ አልችልም።

ምድር የሚያቃጥል የሐሙስ ቀን ነበር። በሩን ከፈተችና ወደ ኋላ ሸሸች። እኛ ስንገናኝ ጉንጭ ለጉንጭ ደጋግመን የምንሳሳም ሰዎች ነን። "ጉንፋን ይዞኛል፣ አትጠጊኝ" አለችኝ። ባለፈው ክንድ ነበር፣ አሁን ጉንፋን ሆነ! ውሃ ስጠይቃት ቀድታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝና ዞር አለች፤ እጅ በእጅ አልሰጠችኝም። ሶፋው ባዶውን ተቀምጦ እሷ ከበረንዳ ባመጣችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠችው። አንገቴን ሰገግ አድርጌ ወደ በረንዳው አየሁ። የተጠቀለለ ፍራሽ አለ። አጠገቡ አንድ ኩባያና አንድ ሳህን፣ ከወጥ ቤቱ ዕቃ ለብቻ።

ጉድ ፈላ አልኩ በሆዴ። ሰው አስቀምጣለች! ከጎንደር አዲስ የመጣ ዘመድ ይሆን? ለኛ ሳትነግረን? ወይስ፣ ኧረ ይቅር በለኝ፣ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፣ ወንድ? ባለሁበት ሆኜ ለወንድሜ እንዴት እንደምነግረው ሳስብ ነበር።

ያመጣኝን ልጠይቅና ልሂድ ብዬ "እማ" አልኳት፣ "ሴት ካረጀች በኋላ የሚወርዳት ነገር ቢኖር፣ በአገራችን ምን ይባል ነበር?"

ፊቷ ተለወጠ። "ማን ነገረሽ?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ማን ምን ብሎሽ ነው የመጣሽ? ያች የታችኛዋ ጎረቤት ናት? ያሰጣሁትን ስታይ ነው የምትውለው!"

"ኧረ ማንም ምንም አላለኝም! ሥራዬ ነው፣ ወረቀት እየጻፍኩ ነው።"

"ሥራሽን ቤትሽ ሥሪ። የሰው ሁሉ ገመና ባፍሽ ሲያልፍ ይውላል፤ አሁን ደግሞ የኔን ፍለጋ መጣሽ?"

ደሜ ፈላ። "ምን ገመና አለሽ አንቺ!" ብዬ ዓይኔን ወደ በረንዳው ጣልኩ። "ወይስ እዚያ የምትደብቂው አለሽ?" እናቴ ተነሥታ የበረንዳውን መጋረጃ ሳበችው። እኔም ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ፤ በሩን እንዴት እንደዘጋሁት ጎረቤቶቹ ይንገሯችሁ።

ከዚያ ስድስት ሳምንት አልሄድኩም። ዓርብ ዓርብ ብቻ እደውላለሁ፤ "ሰላም ሰንበት፣ ደህና ነሽ? ደህና። እኛም ደህና።" ይኸው ነው። እሷም ነይ አላለችኝም። ቅር ብሏት ትደውልልኛለች፣ ትታረቀኛለች ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ድምጿ የተረጋጋ፣ እንዲያውም ለስለስ ያለ ሆነብኝ። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። መቅረቴ ተመችቷታል አልኩ። ወታደር ልጄ ለዕረፍት መጥታ አያቷን ልትጠይቅ ሄደች፤ ስትመለስ ፊቷ ቅጭም ብሏል። "ሳፍታ አላቀፈችኝም" አለችኝ አያቷን በዕብራይስጥ ጠርታ። "እጄን ዘርግቼ ስሄድ እዚያው ቁሚ አለችኝ። ተጣልታችኋል እንዴ?" ቂሟን ወደ ልጄ አስተላለፈችው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ባለቤቴ "እስኪ ሄደሽ ጠይቂያት" ሲለኝ "ሞኝሽን ፈልጊ በላት!" ብዬ ጮህኩበት።

የሴቶቹ ወረቀት አልቆ፣ ከመታተሙ በፊት እንዳየው ተመልሶ መጣ። ቁጭ ብዬ ነጠላ ሰረዝ አስተካክላለሁ። መጨረሻው ላይ ደረስኩ። ራሴ ከሳምንታት በፊት የጻፍኩት ነው። "የወር አበባዋ ከቆመ ዓመት ያለፋት ሴት አንዲት ጠብታ ደም እንኳ ብታይ፣ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ትሂድ።"

አንሶላው። በእጅ የታጠበው አንሶላ። ለብቻው የተቀመጠው ኩባያ። የፕላስቲኩ ወንበር፣ ማንም የማይቀመጥበት። ውሃውን አስቀምጣ ዞር ማለቷ።

ጎንደር ሳለን ሴት ወሯ ሲመጣ ከቤት ትወጣለች። ከመንደሩ ዳር የመርገም ጎጆ አለ፤ ዙሪያው ድንጋይ ተደርድሯል። ሰባት ቀን እዚያ ትቀመጣለች፤ ማንንም አትነካም፣ ማንም አይነካትም፣ ለሰው የሚበላ ነገር አትሠራም። በሰባተኛው ቀን ወንዝ ወርዳ ታጥባ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ቤቷ ትገባለች። ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ እኔ ነበርኩ ለእናቴ ምግብ የማደርስላት። ሳህኑን ድንጋዩ ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ እሄዳለሁ፤ እኔ ስርቅ እሷ መጥታ ታነሣዋለች። አንዴ ናፍቃኝ ድንጋዩን ልዘል ስል የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እዚህ አገር ስንመጣ ጎጆው ቀረ፤ የእሷም ዕድሜ አለፈና ነገሩን ረሳሁት። እሷ ግን አልረሳችውም። በሰባ አንድ ዓመቷ ደም አይታ፣ በረንዳውን ጎጆ አድርጋ ወጥታለች።

ጫማዬን በትክክል ማድረጌን አላስታውስም፤ ሮጬ ሄድኩ። በሩን ስትከፍትልኝ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። "አልገባም እማ። አልነካሽም። ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከፋሲካ ወዲህ" አለች። "ሰባት ቀን እቆጥራለሁ። ሊያልቅልኝ ሲል ደግሞ አያለሁ። እንደገና ካንድ እጀምራለሁ።"

"ሦስት ወር! ሐኪም ዘንድ ለምን አልሄድሽም?"

"ሐኪም ምን ያደርጋል? ይህ ሥርዓት ያለው ነገር ነው። ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ፣ እያደረግሁ ነው" አለችኝ፤ ሥራዋን በደንብ የሠራች ሰው በሚናገርበት ድምፅ። ቀጥላም፣ ሳቅ እንደማለት ብላ፣ "ሣራስ የወለደችው በዘጠና ዓመቷ አይደለም እንዴ? እኔ ገና ልጅ ነኝ" አለች። ልስቅ ፈልጌ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ወሰድኳት። ታክሲ ውስጥ ከፊት ተቀመጠች፣ ከኔ ጋር ላለመነካካት። ኩፓው ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ ምንም ሳትጠይቅ ክንዷን ይዛ እጅጌዋን ሰብስባ የደም ግፊት መለኪያውን ጠቀለለችባት። እናቴ መጀመሪያ ክንዷን ልትነጥቅ ሞከረች፤ ከዚያ ተወችው፤ ዓይኗን ጨፈነች። ነርሷ ለክታ ስትፈታላት እናቴ ክንዷን ከጠረጴዛው አላነሣችም። "አንዴ ትድገመው በያት" አለችኝ። ለምን እንደሆነ ነርሷ ጠየቀችኝ። ከፋሲካ ወዲህ የሰው እጅ አላረፈባትም ማለት አቃተኝና፣ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ፈልጋ ነው አልኳት።

ክፉው በሽታ ነበር። ውጤቱን የነገረችን ሐኪም ቀስ ብላ፣ ስዕል እየሳለች አስረዳችን። በማህፀኗ ውስጥ ጀምሯል፣ አሁን ከማህፀኗ ወጥቶ ወደ አንድ ጎን ትንሽ አልፏል፤ ማህፀኗ ይወጣል፣ ከዚያ ብዙ ሕክምና ይከተላል። ተስፋ የለም አላለችም። ብቻ መጨረሻ ላይ፣ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "ሁለት ወር ቀድማችሁ መጥታችሁ ቢሆን ሳያልፍ እናገኘው ነበር ብዬ አስባለሁ" አለችኝ።

ይህን አልተረጎምኩም። በሥራዬ አንዲት ቃል ጨምሬ ወይም ቀንሼ አላውቅም፤ ይህን ግን ዋጥኩት።

እናቴ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ታየኝ ነበር። ስንወጣ "ብዙ ነው የተናገረችው" አለችኝ። "አንች የነገርሽኝ ግን ጥቂት ነው።"

"ነገርኩሽ እኮ እማ፣ ሁሉንም።"

"እህ" አለች፤ አላመነችኝም። ከዚያ በኋላ ሐኪም በተናገረ ቁጥር የሐኪሙን አፍ ትታ የኔን አፍ ነበር የምታየው። ዕብራይስጥ የማታውቅ ሴት፣ የነሱ ንግግር ስንት ጊዜ እንደፈጀ፣ የኔ ስንት ጊዜ እንደፈጀ እያነጻጸረች ትይዘኛለች። ጠባዬ ከማን እንደመጣ ያን ሰሞን ነው የገባኝ።

የቀዶ ሕክምናው ጠዋት አልጋው ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን አበጥርላት ነበር። "ሐኪም ከነካኝ ወዲያ ምን ቀረ" ብላ ንኪኝ ብላኛለች። ጀርባዋን ሰጥታኛለች፤ ፊቷን አላየውም። ሆስፒታሉ መስኮት ላይ ፀሐይ ገብታለች፣ ኮሪደሩ ላይ ጋሪ ይገፋል። በድንገት "ያን ቃል የጠየቅሽኝ ቀን፣ ያወቅሽ መሰለኝ" አለችኝ።

"ምን አወቅኩ?"

"ይህንኑ ነዋ። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ ማን ነገራት ብዬ። ኋላ ስትቀሪ ጊዜ፣ በሩቁ፣ በስልክ ብቻ ስትጠይቂኝ፣ እሰይ ልጄ ሥርዓቱን አልረሳችውም አልሁ። አክብራኝ ነው የራቀችው አልሁ። ደስ አለኝ።"

ማበጠሪያውን ያዝኩት እንጂ አላንቀሳቀስኩትም።

"አንዳንድ ቀን ደግሞ እፈራለሁ" አለች። "ልነግርሽ ስልኩን አነሣለሁ። ኋላ፣ ቆይ እስኪ፣ ልጄ ከሐኪሞቹ ጋር የምትውል፣ የበሽታውን ወረቀት ሁሉ የምትጽፍ ናት፤ አውቃ ዝም ካለችኝ ክፉ ነገር አይደለም ማለት ነው እላለሁ። ስልኩን እመልሰዋለሁ።"

ልዋሻት ይቻለኝ ነበር። አዎ አውቄ ነበር ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ያኛው ውሸት ከእውነቱም የባሰ ነበር። "አላወቅኩም እማ" አልኳት። "ምንም አላወቅኩም። ተቀይሜሽ ነው የቀረሁት።"

ዞር ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበራትም። "በምን?" አለችኝ፤ ከልቧ ማወቅ ፈልጋ። "በምን ተቀየምሽኝ ልጄ?"

ሁለት ነርሶች ገብተው የአልጋውን ፍሬን ፈቱና ገፍተው ወሰዷት። እስከ ኮሪደሩ መታጠፊያ ድረስ አንገቷን አዙራ ታየኝ ነበር፣ መልሴን እየጠበቀች።